በደጃችን ስለተቆጠሩት ሃያ አንድ ጥንድ ጫማዎች

ለተከበሩ የሰፈራችን ማዘጋጃ ቤት የመኖሪያ ቤቶች ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ
ሪያድ

ክቡርነትዎ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኛም አላህ ይመስገን፣ በራችን ላይ ከተለጠፈው ወረቀት በቀር ደህና ነን።

ስሜ ኢብሮ ይባላል። ወሎ ተወልጄ እዚህ ከተማ ዐሥራ ስድስት ዓመት የኖርኩ፣ ዲራ በሚባለው የገበያ ሰፈር ጀለቢያ እየሰፋሁ የማድር ሰው ነኝ። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ ዓረብኛዬ ለደንበኛ ይበቃል እንጂ ለእርስዎ ክብር አይመጥንም። የጎረቤቴ የሐሰን ልጅ ዱዓ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው፣ ልትተረጉምልኝ ቃል ገብታ ነበር። ካነበበችው በኋላ ግን የአባቷን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማውን፣ ገና እንደምትፈልገው ገልጻ፣ ምስጋናውን ብቻ እንደምትተረጉም አሳውቃኛለች። ስለዚህ ምስጋናው ለእርስዎ ይደርሳል፤ የቀረውን ወገኖቼ ያንብቡት ብዬ በአደባባይ አውጥቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ናጃት ስምንት ዓመት ከጠበቅን በኋላ ሴት ልጅ ወለደችልኝ። ሂባ ብለናታል፤ ገና ሃያ ቀን አልሞላትም። ባለፈው ዓርብ በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ የናጃት ጓደኞች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አራስ ሊጠይቁ መጡ። አሠሪዎቻቸው የሚለቋቸው በዚያች ቀን ብቻ ስለሆነ አንድ ላይ መጡ፤ ዐሥራ ስምንት ነበሩ። እንደ አገራችን ወግ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ። እኔም ቤቱን ለሴቶቹ ለቅቄ ሐሰን ቤት ሄድኩ። በዚያችው ሰዓት ተቆጣጣሪዎ ኡስታዝ ዋሊድ ከተፍ አለ። እርሱ በሄደ ጊዜ በሩ ላይ የቀረው ወረቀት፣ ቤታችን በቤተሰብ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ ፈቃድ የተከፈተ የሠራተኞች የጋራ ማደሪያ መሆኑን፣ ሃያ አንድ ሰው እንደሚያድርበት፣ በዐሥር ቀን ውስጥም ለቅቀን እንድንወጣ ይናገራል። ዐሥሩ ቀን የፊታችን ሰኞ ይሞላል። ናጃት አርባዋ ገና ነው።

ደንቡን ሊቃወም የተነሣ ሰው እንዳልመስልዎ። እኔ ራሴ ወደዚህ አገር እንደመጣሁ፣ ዐሥራ አራት ሆነን አንዲት ክፍል ውስጥ በተራ የምንተኛ ሰዎች ነበርን፤ እንዲህ ያለ ቤት የሚከለክል ደንብ ደግ ደንብ ነው። የያዝኩት ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው፤ በየተራው እነሆ።

አንደኛ፣ ስለ ቆጠራው አመሰግናለሁ። ኡስታዝ ዋሊድ በሩን ሲያንኳኳ ሌላ ጠያቂ የመጣ መስሏቸው ዐሥራ ስምንቱም ባንድ ድምፅ “ግቡ!” አሉ፤ አማርኛ ለማያውቅ ሰው ጭፍራ የተሰለፈ ሳይመስለው አይቀርም። ሱመያ የምትባለው የናጃት ጓደኛ በሩን ስትከፍትለት፣ ጨዋ ሰው ነውና ሴቶቹን ላለማየት ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። እዚያ መሬት ላይ ያገኘው ጫማ ነው። ቆጠረው። ከእንግዶቹ ዐሥራ ስምንት ጥንድ ሌላ፣ አንዱ የናጃት፣ አንዱ የእኔ የቤት ጫማ፣ ሃያ አንደኛው ደግሞ ታጥቦ ሊደርቅ የወጣው የመታጠቢያ ቤታችን ነጠላ ጫማ ነው። ይህ ነጠላ ጫማ አራት ዓመት አብሮን ሲኖር ኢቃማ እንደሚያስፈልገው አላወቅንም ነበር። ላለማወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፣ ስለ መጋረጃው። አራስ ከንፋስና ከሰው ዓይን እንድትከለል አልጋዋ ፊት መጋረጃ ይጋረዳል፤ እኔም በእጄ ሰፍቼ በገመድ ሰቀልኩላት። ከደጅ ጫፏ ብቻ ቢታይ፣ ወረቀቱ ይህችን “ያለ ፈቃድ የተሠራ የክፍል ማካፈያ ግድግዳ” ይላታል። በሙያዬ ብዙ ተመስግኛለሁ፤ ስፌቴን ግድግዳ ያለው ሰው ግን ክቡርነትዎ የመጀመሪያው ነዎት። የገንፎውን ድስት “ለሽያጭ የሚዘጋጅ ምግብ” የሚለውን ዐረፍተ ነገር ደግሞ ለናጃት ሳነብላት ከወረቀቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ለዚህስ የእውነት አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጎረቤታችን ቪላ። ከሕንፃችን ጎን ባለው ቪላ ግቢ የሠርግ ድንኳን፣ ወንበርና ጄኔሬተር ሲጫንና ሲራገፍ ይውላል፤ ጄኔሬተሩ በተሞከረ ቁጥር ሂባ ትባንናለች። ኡስታዝ ዋሊድ ወደ እኛ ሲወጣ በጭነት መኪናዎቹ መካከል እየተሽሎከለከ ነው ያለፈው። እኔ አላዋቂው፣ ይህስ መጋዘን እንጂ መኖሪያ አይደለም ብዬ ነበር። ዱዓ ግን አስረዳችኝ፤ በሩ ላይ አንድም ጫማ የለም። የሚቆጠር ጫማ ከሌለ ደንብ የሚጥስም ሰው የለም ማለት ነው። አሁን ገባኝ።

አራተኛ፣ ስለ ማስረጃው። እሑድ ዕለት የኪራይ ውላችንን፣ የጋብቻችንንና የሂባን የልደት ወረቀት ይዤ ቢሯችሁ ቀረብኩ። በትሕትና የተነገረኝ፣ ዐሥራ ስምንቱ ሴቶች እኔ ቤት አለማደራቸውን ከየአሠሪዎቻቸው በጽሑፍ አስመስክሬ እንዳመጣ ነው። ክቡርነትዎ፣ አንዲት እህቴ ለአሠሪዋ “እኔ ሌላ ሰው ቤት እንደማላድር ይጻፉልኝ” ብትል፣ ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት ምን እንደሚጠረጠር እርስዎም ያውቁታል። ዓርቧን ትቀማለች፤ እንጀራዋንም ልታጣ ትችላለች። አልጠየቅኳቸውም፤ አልጠይቃቸውምም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሦስቴ ሳልለካ ጨርቅ አልቆርጥም። በእኛ ላይ የቆረጠው ሰው የለካው ጫማችንን ብቻ ነው።

ወሬው ግን ለሴቶቹ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ በራችንን የሚያንኳኳ የለም። ቃልኪዳን የምትባለው፣ ናጃትን ሐኪም ቤት ድረስ ይዛ የሮጠችው፣ ትናንት አሠሪዎቿ ዕቃ ሲልኳት በዚህ አልፋ፣ የአጃ አጥሚት የያዘ ፔርሙስ ደረጃው ሥር አስቀምጣ፣ ስልክ ደውላ ሄደች፤ ላለመቆጠር። ናጃት በመስኮት ጀርባዋን እያየች አለቀሰች። አራስ ብቻዋን አትተውም ክቡርነትዎ፤ በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። ተናድጃለሁ፤ አዝኛለሁም። ይህን በምስጋና ቋንቋ እንዴት እንደምጽፈው ስላላወቅሁ እንዳለ ጻፍኩት።

ዳሩ ግን አምስተኛው ምስጋናዬ እውነተኛ ነው። ባለፈው ሰኞ ኡስታዝ ዋሊድ ቅሬታችንን ሊያጣራ ተመልሶ መጣ። ናጃት መጋረጃዋ ውስጥ ነበረች፤ ተቀበልኩት። ሳልነግረው ጫማውን ደጅ አወለቀ፤ አስተዳደጉ ይመስገን። መጋረጃዋን በጣቱ ነካ አደረጋት፤ ግድግዳው ተወዛወዘ። ሂባን ባቀርብለት ማሻአላህ ብሎ መረቃት። ገንፎ ቢቀርብለት እምቢ አላለም፤ በርበሬው እንባውን እያወረደው ሁለት ጊዜ ጨመረ። ሲሄድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ይህ የቤተሰብ ቤት መሆኑን እንደሚጽፍ፣ ኸላስ፣ አለቀ፣ እንዳናስብ ነገረን። ያን ቀን ናጃት ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ብዕርዎን ከማንሣትዎ በፊት አንድ ጊዜ ብቅ ይበሉልን፤ ደጃችን ለጫማዎም ይበቃል። ደንብን ከሰው፣ ሰውን ከጫማ ለይቶ የሚያይ ዓይንና ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እየጸለይኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የእርስዎው ታዛዥ፣ ተቆጣሪና አመስጋኝ፣
ልብስ ሰፊው ኢብሮ፤
ስለ ባለቤቴ ናጃት፣ ስለ ልጄ ሂባ እና ስለ መታጠቢያ ቤቱ ነጠላ ጫማ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ፈርሜ ሳበቃ የሰኞው ማጣሪያ ውጤት ደረሰኝ። ለካ ኡስታዝ ዋሊድ ገንፎው ላይ ሲቆይበት፣ መኪና ውስጥ ይጠብቀው የነበረው የሥራ ባልደረባው ደረጃውን ወጥቶ፣ ሳያንኳኳ ደጃችንን ፎቶ አንሥቶ፣ ሪፖርቱንም ቀድሞ አስገብቶት ኖሯል። ሪፖርቱ፣ ከቤተሰቡ አባላት ሌላ ቢያንስ አንድ ወንድ ሠራተኛ አሁንም በቤቱ እንደሚኖር በፎቶ ስለተረጋገጠ፣ በፊታችን ሰኞ እንድንወጣ የተሰጠው ትእዛዝ ጸንቷል ይላል። ፎቶውን አየሁት። ቡናማ የቆዳ ነጠላ ጫማ፣ የግራው ተረከዝ ያለቀ፤ የኡስታዝ ዋሊድ ነው። እንግዲህ ሰኞ የምንወጣ ከሆነ፣ በመዝገብዎ መሠረት እርሱም ዕቃውን ሸክፎ አብሮን እንዲወጣ በትሕትና ያሳውቁልኝ። እስከዚያ ድረስ ግን ቤቱ ነውና ይምጣ፤ ገንፎም አለ። ከዚያች ዓርብ ወዲህ ደጃችን ላይ የወለቀ የጠያቂ ጫማ የእርሱ ብቻ ነው።