ሁለተኛውም መጽሐፍ አለ

ሰኔ 9 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ካላየ ዝም ይላል። ስልክ ብደውል እንደማታነሺልኝ በሦስት ዓመት ውስጥ ስለገባኝ አድራሻሽን ከእህትሽ ለምኜ ይህን ጻፍኩ። ደብዳቤ ጥሩ ነገር ነው፤ ቢያንስ ጆሮዬ ላይ አይዘጋም። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልስ እንድትጽፊልኝ። ለምን ዛሬ እንደሆነ ልንገርሽ። ነገሬ ትንሽ ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንብሽም ታገሺኝ።

ከማተሚያ ቤት ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መጽሐፍ ስሰፋና ስጠርዝ ኖሬ ቤት ስቀመጥ እጄ ሥራ ፈታ። እህትሽ ካገባች ወዲህ የእናንተን ክፍል በር የምከፍተው አቧራ ለመጥረግ ብቻ ነው። ሰው ያለ እንዲመስል ሬዲዮ ከፍቼ እወጣለሁ። ብቸኝነት ክፉ ነው ልጄ፤ ምንም አላሳምርልሽም። አንድ ቀን ሳህን እያጠብኩ ከሳህኑ ጋር ስከራከር ራሴን ሰማሁት። በማግስቱ ሄጄ በወጣትነቴ ያቋረጥኩትን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጨርስ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። በዕድሜ የሚቀድመኝ የለም። ሁሉም «አባባ» ይሉኛል፣ የአንቺ እኩያ የሆነችው መምህርታችን ሳትቀር። የፊታችን ማክሰኞ ፈተና አለብኝ።

የሥነ ጽሑፉ ፈተና አንድ ድርሰት ነው። ሁለት ልብ ወለድ አንብበን በአንድ ሰዓት ውስጥ እያነጻጸርን እንጽፋለን። አንደኛው ስለ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ሁለተኛው ክፍሎቿን ለመንገደኛ ስለምታከራይ ባል የሞተባት ሴት። የጉድጓድ ቆፋሪውን መጽሐፍ ከዓመታት በፊት የጠረዝኩት እኔ ነኝ። ስፌቱን ሳየው አወቅሁት፤ ክሩ ዛሬም አልላላም። ሁለተኛው ግን ሌላ ቦታ የታተመ፣ በሙጫ ብቻ የተለጠፈ ነው። ገና ስከፍተው ሦስት ወረቀት እጄ ላይ ቀረ። ይሄ ደግሞ የማን ሥራ ነው ብዬ ተናደድኩና መሐል ላይ ሳልደርስ ተውኩት። አመሌን ታውቂው የለ።

በልምምድ ፈተናው ቀን ስለ ጉድጓድ ቆፋሪው ሦስት ገጽ ተኩል ጻፍኩ። እጄ አልቆም አለ። መምህርቷ አምስት ደቂቃ ቀረ ስትል ደነገጥኩና ከታች «ሁለተኛውም መጽሐፍ አለ፤ እሱም ስለ አንዲት ሴት ነው» ብዬ አራት ነጥብ አስቀመጥኩ። በሳምንቱ ወረቀቱ ሲመለስልኝ ያቺ ዓረፍተ ነገር በቀይ ተከብባለች። ውጤቴ ከሃያው ሰባት ነው።

ከክፍል በኋላ አስቀመጠችኝና የድርሰቱን አሠራር እንደ አዲስ አስረዳችኝ። አንዱን መጽሐፍ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ የለም አለች። መጀመሪያ አሥሩን ደቂቃ ወረቀት ለሁለት ከፍሎ፣ በግራ የአንዱን በቀኝ የሌላውን ነጥብ ማስፈር ነው። መግቢያው ላይ ሁለቱንም የሚይዝ አንድ ሐሳብ ይቀመጣል። ከዚያ እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ጉዳይ ያነሳል፤ ስለ ዝምታም ይሁን ስለ ቤት፣ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ሁለቱም መጻሕፍት ሊናገሩ ይገባል። ታሪኩን መተረክ ዋጋ የለውም፤ ፈታኙ ታሪኩን ያውቀዋል። እኔም መጨረሻ ላይ የቱ እንደሚበልጥ ልጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ማን ይበልጣል ብሎ የጠየቀዎት የለም አባባ» አለችኝ። «አንዱን አንብበውታል። ሌላውን ግን መኖሩን ብቻ ነው የነገሩን።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ቦርሳዬን ሳልዘጋ ወጣሁ። ፌርማታው ላይ ቆሜ ሁለት አውቶቡስ አመለጠኝ። ትዝ ያለኝን ነገር አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። እህትሽ በፋርማሲ የተመረቀች ቀን ሳሎኑ በሰው ሞልቶ፣ ስለ እሷ እንግዳው እስኪሰለች አወራሁ፤ ውጤቷን፣ ሽልማቷን፣ በአምስት ዓመቷ ጋዜጣ ማንበቧን። አንቺ ትሪ ይዘሽ ብርጭቆ ትሰበስቢ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይቺስ?» አለኝ። «ይቺም አለች እንግዲህ» አልኩት። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አንቺ ብርጭቆዎቹን ይዘሽ ወደ ጓዳ ገባሽ፤ አንዱንም አልሰበርሽም። ዓመት ሳይሞላ ሄድሽ። ሰው ሲጠይቀኝ አመሏ ነው፣ ኩርፊያ ይቀናታል እያልኩ ኖርኩ፤ ለራሴም ቀልድ ነበር አልኩት። ቀልድ አልነበረም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ ወረቀት ለሁለት ከፈልኩ። በግራ እህትሽን፣ በቀኝ አንቺን። ግራው ወዲያው ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞረ። ቀኙ አራተኛው መስመር ላይ ቆመ። ልጅ ሳለሽ የዳቦውን ቅርፊት ለእኔ ትተዪልኝ ነበር። ማተሚያ ቤት ስወስድሽ የወረቀት ቁርጥራጭ ክምር ላይ እንቅልፍ ይወስድሽ ነበር። እናትሽ ስታርፍ ስድስት ዓመትሽ ነበር፤ ሰው ፊት አላለቀስሽም። ሄድሽ። በቃ ይኸው ነው። ሃያ ሦስት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ኖረን አራት መስመር። የጫማሽን ቁጥር እንኳ አላውቀውም።

ሁለተኛውን መጽሐፍ ሙጫውን ፍቄ በክር ሰፋሁትና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩት። ሴትየዋ ብዙ አትናገርም፤ የዘለልኳት ለዚያ ነው። ለመንገደኞቿ አልጋ ስታነጥፍ ብቻዋን የምታስበውን ሳነብ አለቀስኩ። አሁን ሁለት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። የማክሰኞው ውጤት አያሳስበኝም ብልሽ ውሸቴን ነው፤ ያሳስበኛል። ግን እሱን ብወድቅ በሚቀጥለው ዓመት ደግሜ እቀመጣለሁ።

እህትሽ አድራሻሽን ስትሰጠኝ «አባዬ፣ እኔን አታንሳ፤ ስለ እሷ ብቻ ጻፍላት» ብላኝ ነበር። እሺ ብያት ነበር። አሁን ወደ ኋላ ሳነበው ስንት ቦታ እንዳነሳኋት አየሁ። ልሰርዝ ብዬ እስክሪብቶ አንስቼ ተውኩት። እሷን ሳልጠራ አንቺን የማነሳበት ነገር የለኝም፤ ያሳፈረኝም ይኸው ነው።

ይቅርታሽን እፈልጋለሁ፤ ግን እሱን በግድ አልጠይቅሽም። ስለ ራስሽ ንገሪኝ። ከሥራ ስትመለሺ መጀመሪያ የምታደርጊው ምንድን ነው? ሥራሽ ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ? መስኮትሽ በየት በኩል ነው? አብረሽው የምትስቂው ሰው አለ? ሲያምሽ ውሃ የሚያቀብልሽስ? ያን ቀን ብርጭቆዎቹን ይዘሽ ከገባሽ በኋላ ጓዳ ውስጥ ምን አደረግሽ? ይህን ለመስማት ፈርቻለሁ፤ ቢሆንም ጻፊልኝ።

ትናንት ከታች ያለው ቤት የገቡት አዲሷ ጎረቤት ደረጃው ላይ አግኝተውኝ ስንት ልጅ እንዳለኝ ጠየቁኝ። ሁለት ሴቶች አልኳቸው። ትልቋ ፋርማሲስት ናት፣ አግብታለች አልኩ። ሁለተኛዋስ አሉኝ። አራቱን መስመር በልቤ ደገምኩ። እሳቸውም ዘንቢላቸውን እንደያዙ ቆመው ጠበቁኝ።

«እጠይቃትና እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

በምትወጪበትም በምትገቢበትም ደግ ሰው ይግጠምሽ። ብርድ አይንካሽ። የሚሰማሽ ሰው አያሳጣሽ።

አባትሽ