ስልክ የማይገባበት ድንኳን

ጥር 14፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

ዛሬም ድምፄ ተዘግቷል፣ ደብተሬ። ለስልክ ስዘፍን አምሽቼ። ትናንት ባህል ቤቱ ጢም ብሎ ነበር፤ ፊት ግን የለም። የተቀሰረ ስልክ ብቻ። እጅ ሁሉ ተይዟል፣ ማን ያጨብጭብ? ጋሽ በላይ ማሲንቋቸውን ይገዘግዛሉ፣ እኔ ግጥም ስጡኝ እያልኩ እለምናለሁ። ዝም።

ድሮ «ተቀበይ!» የሚለኝ በዝቶ ማንን ላስቀድም ነበር ጭንቀቴ። ዝምታው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። አንድ የመ/ቤት ሰው አለቃውን ሸንቆጥ የሚያደርግ ግጥም ሰጠኝ፤ ዘፈንኩለት፤ ተሳቀ። አንዱ ቀርጾ ለቀቀው። ወልድያን አዳርሶ አለቃው ጋ ደረሰ። ሰውየው ተጠርቶ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም አፉን ይዟል።

ጋሽ በ. ግጥም ከሌለ ምን እሠራለሁ፣ ወደ አገሬ ወደ ግራና፣ ወደ እርሻዬ እመለሳለሁ ብለዋል። ካሉ ደግሞ ያደርጉታል። ያለሳቸው እኔ ምንም ነኝ።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ለቤቱ ባለቤት ለወ/ሮ ስንዱ ነገርኳት። በር ላይ ዘንቢል ይቀመጥ፣ ስልክ ሁሉ እዚያ ይግባ። ደንበኛ ይሸሻል አለች። ይሽሽ አልኩ። ተኮራረፍን። በኋላ ለአንድ ቅዳሜ ፈቀደች፣ ፊቷን ጥላ።

ጥር 18፣ እሑድ ጠዋት፣ ሚኒባስ ውስጥ

ትናንት ከሸፈ! ሁሉም «የኔ ብቻ» ይላል። የአንዱ እናት ታማለች። አንዱ ኃላፊ ነው፣ ይፈለጋል። ዘንቢሉ ውስጥ የገባው ስክሪኑ የረገፈ ስልክ ሁሉ ነው፤ ደህና ደህናው ኪስ ቀረ። ዘፈኑ ሞቅ ሲል ብቅ ብቅ አለ። እልህ ያዘኝ።

ዛሬ መርሳ ሰርግ አለብን። ለሙሽራው ቁርጡን ነግሬዋለሁ፦ ድንኳኑ ውስጥ ስልክ ካየሁ አልዘፍንም። እሺ ብሏል። ዛሬ «የኔ ብቻ» የሚለኝን አልሰማም። ማንም ይሁን።

ጥር 19፣ ሰኞ ጠዋት፣ መርሳ

እዚሁ አደርን። እንቅልፍ ግን የለም። ከየት ልጀምርልህ።

ሚዜዎቹ ቃላቸውን ጠበቁ፤ ስልኩን በሩ ላይ ለቅመው ያዙ። ልጀምር ስል የሙሽራው እናት፣ እትዬ ዘነቡ፣ ክንዴን ያዝ አደረጉና አንዲት ስልክ ብቻ ትግባልኝ አሉ። አላስጨረስኳቸውም። የአንቱን ካስገባሁ የሁሉም ይገባል አልኩ። እሺ ልጄ ብለው ሄዱ።

ሰርጉ ደመቀ። ግጥም ጎረፈ። ሚዜው፣ አማቾቹ፣ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ሳይቀሩ። አንዷ ሙሽራውን በስንፍናው ሸነቆጠችው፣ ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ በ. ላብ በላብ ሆነው ይስቃሉ። ስለ ግራና ያነሳም የለም። ደስ አለኝ፣ ደብተሬ፤ አሸነፍኩ ብዬ።

ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። ከድንኳኑ ጀርባ እትዬ ዘነቡ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፣ የልጃቸውን ሰርግ ውስጥ ጥለው። ስልኩን ሸራው ላይ ለጥፈው ይዘዋል። ከስልኩ የሴት ድምፅ ይሰማል፤ ማን ናት አልኩ። ሴት ልጃቸው ናት፤ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ገንዘብ ልካ ወንድሟን የዳረችውም እሷ ናት። በቪዲዮ ሊያሳዩዋት ነበር የለመኑኝ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ይሉኝታ። አንዴ እንቢ ካልኩ ደግመው አይለምኑም።

«ድምፁ ይሰማታል፤ ይበቃታል ልጄ» አሉኝ።

አልበቃትም። ሙሽሪት ምን ለብሳለች፣ ወንድሜ ከስቷል ወይ እያለች ስትጠይቅ በጆሮዬ ሰማሁ። እናትየው እንዴት ያውቁት፣ ውጭ ተቀምጠው! እጃቸውን ይዤ ላስገባቸው ስል መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግመው ደወሉ። አይነሳም። ማዳሟ ጠርታት ይሆናል አሉ።

ተመልሼ ዘፈንኩ። በስልክ በሚቀርጹት ተናድጄ፣ በይሉኝታ ተናድጄ፣ ከሁሉ በላይ በራሴ።

ዛሬ መልስ ነው። እኛ አልተጠራንም። ጋሽ በላይን ወልድያ አንሄድም፣ መልሱ ላይ በነጻ እንጫወት አልኳቸው። ስልክስ? አሉኝ። የሁሉም በር ላይ ይቀራል፤ የእትዬ ዘነቡ ከፊቴ ትቀመጣለች አልኩ። ሌላው ያጉረመርማል አሉ። ያጉረምርም። ለምን እንደሆነ በራሴ አፍ እነግረዋለሁ።

ልጅቷ ከሥራ የምትወጣበትን ሰዓት እናትየው ጠይቀው እስኪነግሩኝ እየጠበቅኩ ነው። እሷ ሳትገባ አልጀምርም።