ጀልባዋ ላይ አትውጣ ያልኩህ ቀን

ጂንካ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለደምሰው፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ያለህበትን ባውቅ ኖሮ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቅህ ነበር። ምፅዋ ከተያዘች ወዲህ ወደዚያ ፖስታ አይሄድም። ባለሱቁ አብደላ «በጅቡቲ በኩል ዘመድ አለኝ፣ ልሞክርልሽ» ስላለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

እኛ ደህና ነን ልበል። እናትህን ጉልበታቸውን ይዟቸዋል፤ ምላሳቸው ግን እንደ ድሮው ነው፤ ትናንት የጸሎት ቤቱን ወጣቶች በሙሉ ሥራ ፈት ብለው ሰደቧቸው። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ የአውሮፕላን ሜዳው ጭቃ ሆኗል። አንተ ከተዛወርክ ወዲህ የከተማውን ጄኔሬተር የሚያውቅበት ጠፍቶ ሦስት ቀን ከበራ ሳምንት ይጠፋል። ሰዉ «ደምሰውን ለባሕር መብራት ወሰዱብን» እያለ ያማርራል። ሙያህ ነው ለዚያ የዳረገህ።

ኅዳር ላይ የተመደብክባት ደሴት መጥቼ አብሬህ የሰነበትኩትን አሥራ አንድ ቀን እያነሳሁ እጥላለሁ። ከምፅዋ በባሕር ኃይል ጀልባ ስመጣ አንጀቴ እስኪወጣ አስመለሰኝ፤ አንተ ድንጋዩ ላይ ቆመህ ሳቅክብኝ። ደሴቷን በእግሬ ዞሬ ለመጨረስ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። አሸዋ፣ ቁጥቋጦ፣ ሁለት የቴምር ዛፍ፣ መካከሏ ላይ ጣልያን የሠራው የመርከብ መብራት ማማ። በጦርነቱ ምክንያት እንዳይበራ ታዞ ሳለ አንተ በየጠዋቱ መስታወቱን ትወለውላለህ። «የማይበራ መብራት መወልወል ምን ያደርግልሃል?» ብልህ፣ «ታዲያ አቧራ ይልበስ?» አልከኝ። ከላይ ሆኜ ሳየው ባሕሩ ማለቂያ የለውም። ማማሩን አልካድኩም፤ ግን ፈራሁት።

ዓሣ አጥማጁ ሐቢብ ከማማው ሥር ጀልባውን አስጠግቶ ያለህን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ምፅዋ አትቆይም። እኔ የመን ዘመድ አለኝ። ቀኑ ሲደርስ መጥቼ እወስድሃለሁ፤ አንተ እሺ በል ብቻ» አለህ። ወደ እኔ ዞረህ «ያለምወርቅ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» አልከኝ። ምነው ባልጠየቅከኝ።

እኔ የማውቀው ውሃ ኦሞን ነው። ወንድሜ አበራ መሠረተ ትምህርት ሊያስተምር ሄዶ ኮልቾ ላይ ታንኳው ተገልብጦ፣ አስከሬኑን እንኳ ሳናገኝ መቅረቱን ታውቃለህ። እኛ አገር ወንዝ ሲሞላ ሰው ዳር ቁጭ ብሎ እስኪጎድል ይጠብቃል። የጠበቀ ይሻገራል፣ የቸኮለ ይቀራል። የሐቢብን ጀልባ ሳያት ከኮልቾ ታንኳ ብዙም አትሻልም። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ከደረቁ መሬት አትነቃነቅ፣ እስኪያልፍ ጠብቅ» አልኩህ። በዚያ አላበቃሁም፤ ጀልባዋ ላይ ላትወጣ በጌታ ስም ቃል አስገባሁህ። ጦርነቱ እንደ ጎርፍ ዳር ቆመው የሚያሳልፉት መስሎኝ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ደረሰኝ። የጻፈልኝ ደሴቷን ይጠብቅ የነበረው ቀጭኑ ወታደር፣ ወንድይፍራው ነው። የካቲት ላይ ተኩሱ ሲጀመር ሐቢብ እንደ ቃሉ መጣ። ወንድይፍራውና ሌሎች ሦስት ሰዎች ተሳፈሩ። በሁለተኛው ቀን የመን ገቡ፣ አንድም ሰው አልጎደለባቸውም። አንተም ወደ ባሕሩ ዳር ወርደህ ነበር አለኝ። ጫማህን አውልቀህ ጀልባዋ ውስጥ አስቀመጥክ፤ እስከ ጉልበትህ ውሃው ውስጥ ገባህ። ከዚያ ጫማህን መልሰህ አነሳህና «ለሚስቴ ቃል አለብኝ» አልክ። ሐቢብ ለምኖ ለምኖ ሲያቅተው ጀልባዋን ገፋ። ርቀው ዞረው ሲያዩ ማማው ተመትቶ ይጨስ ነበር። አንተን አላዩህም። ወንድይፍራው ከዚህ በኋላ የጻፈው ሰላምታ ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤትህ ስጠይቅ «ምንም ሪፖርት አልደረሰንም፣ ማመልከቻ ጻፊ» ይሉኛል። ሦስት ጻፍኩ።

ለእናትህ ደብዳቤውን ግማሹን ብቻ ነው ያነበብኩላቸው። ጀልባዋ ላይ እንዳልወጣህ ሲሰሙ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። «ልጄን ከውሃ ያስቀረሽልኝ፣ ጌታ አንቺንም ከክፉ ያስቀርሽ» ይሉኛል፣ በየጠዋቱ። ጎንበስ ብዬ አሜን እላለሁ። ምን ልበላቸው? ገዳዩ እኔ ነኝ ልበላቸው? ጸሎት ቤት መሄድ ትቻለሁ። ሰው ለሚጸልይለት ነገር አፍ ይኖረዋል፤ እኔ አንተን አስቀርቼ ለመጸለይ አፍ የለኝም።

ደምሰው፣ አንተን አውቅሃለሁ። በሕይወት ካለህ አሁንም እዚያው ተቀምጠህ እስኪያልፍ ትጠብቃለህ። ቃል የሚፈታው ያስገባው ሰው ነው፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። ያስገባሁህን ቃል ዛሬ ፈትቼልሃለሁ፣ ጌታም ይስማኝ። ሐቢብም ቢመጣ ሌላም ቢመጣ፣ ጀልባም ባይሆን ሳንቃ ቢሆን፣ ተሳፈር። እኔን አትጠይቀኝ።

ጌታ ከእጁ አያውጣህ።

ሚስትህ ያለምወርቅ