ድምፄን የምትለይ ሴት

ይድረስ ለእህቴ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላህ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ልጆቹስ? የእማ ጉልበት በዚህ ብርድ አልባሰባትም? ውጫሌ ዝናቡ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ የጓሮው ግድግዳ አሳስቦኛል፤ ድንጋይ ደግፉበት። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ላንቺ ዋሽቼ ምን አተርፋለሁ? ደህና አይደለሁም። ፈርቻለሁ።

ስልክ አያነሳም ብለሽ እንደተቀየምሽኝ እዚህ ያስጠጋችኝ አክስታችን ነግራኛለች። ወላሂ ንቄሽ አይደለም። ስልክ ጆሮዬ ላይ ማድረግ አልችልም፤ ለምን እንደሆነ እዚሁ ታነቢዋለሽ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ የሚኒባሱ ሾፌር አብተው ነው። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለእማ ጮክ ብለሽ እንዳታነቢላት፤ ሰላም ብሎሻል በያት፣ ለሷ ይበቃታል።

ሲስተር ሳራ የምትባል ነርስ የእግር ጉዞ ቡድን እንዳቋቋመች ሰምተሻል። እንቅልፍ ላጣ፣ ልቡ ያለ ምክንያት ለሚደልቅ፣ ከሰው ለሚሸሽ ሰው ነው። እኔ ሦስቱንም ስላሟላሁ አክስታችን እጄን ጎትታ አስመዘገበችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ከሷ ጋር አሥራ ሁለት ሰው እንሰበሰብና ጥንድ ጥንድ ሆነን እንወጣለን። ግማሹን መንገድ ማንም አያወራም፤ ወፉን፣ ውሃውን ስሙ ትለናለች። ስናርፍ ደግሞ ክብ ሠርተን እንቀመጥና የልቡን መናገር የፈለገ ይናገራል። የባጃጅ ልጆች ሲያዩን፣ እብዶቹ ዛሬ ደግሞ ወዴት ዘመቱ እያሉ ይስቁብናል። መጀመሪያ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ግን፣ ሐቁን ልንገርሽ፣ ደግ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እስኪነጋ ተኛሁ። ከተመለስኩ ወዲህ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም።

ጥንዴ ጋሽ ታረቀኝ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ዝም የምንልበት ሰዓት ሲያልፍ ስለ ወፍ ዘር ማውራት ይጀምራሉ፤ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። ተስማማን።

በሁለተኛው ሳምንት የእስጢፋኖስን መንገድ ይዘን ሄድን። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ሁላችንም ከበሩ ወዲህ ዛፍ ሥር አረፍን። እዚያ እትዬ ረቢያ ተናገረች። የእማ እኩያ ናት። አንድ ልጄ በየመን በኩል ሳውዲ ልግባ ብሎ ወጣ፣ ስሙ ሙንተሲር ነው አለች። መንገድ ላይ ማስለቀቂያ የሚጠይቁ አጋቾች ያዙት። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ የወሎ ልጅ ይደውልልኝ ጀመር አለች። እናት አብሽሪ፣ ልጅሽ ደህና ነው፣ ብቻ ቶሎ በይ ይለኛል፤ ከጀርባው የልጄን ጩኸት እሰማለሁ። ያላትን ሁሉ ሸጠች። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። አራት ዓመት ሆነው። እኛ አገር እንግዲህ አይዞሽ ለማለት በቀን አርባ ጊዜ አብሽሪ የማይልሽ ሰው የለም፤ እሷ ግን ቃሉን ስትሰማ ሽንቷ እንደሚያመልጣት ነገረችን፣ ሳታፍር። የደዋዩን መልክ አላውቅም፣ ድምፁን ግን ከሺህ ሰው መሀል እለየዋለሁ አለች። ወንድሟ ባድሩ፣ ያንን ሰው ያገኘሁት ቀን እዚያው እደፋዋለሁ ብሎ በቁርኣን ምሎላታል።

እህቴ፣ ያ ድምፅ የኔ ነው።

እኔም ተይዤ እንደነበር ታውቂያለሽ። ያልነገርኩሽ፣ ዐረብኛ ስለምሰማ አስተርጓሚ እንዳደረጉኝ ነው። መጀመሪያ በዱላ ነበር፤ ጀርባዬን አይተሻል። ከወር በኋላ ግን ዱላ አላስፈለጋቸውም። የደወለ ሰው ምሳ ይበላ ስለነበር ስልኩን አምጡ እያልኩ ራሴ እጠይቃቸው ጀመር። አብሽሪ በላቸው ያለኝ ሰው የለም። ቃሉ ከቤት ይዤው የሄድኩት ነው፤ እማ ስንታመም የምትለን። እናቶቹ ቃሉን ሲሰሙ ያገራችን ልጅ ነው፣ አይጨክንም ብለው ያምኑኝ ነበር። እኔም እንደሚያምኑኝ አውቅ ነበር።

ለረቢያ መጨረሻ የደወልኩ ቀን፣ እባክህ አንዴ ድምፁን አሰማኝ ብላ ለመነችኝ። ተኝቷል አልኳት።

ከዚያ በፊትም ክቡ ላይ ተናግሬ አላውቅም፤ ከዚያች ቅዳሜ በኋላ ግን ቡድኑ ውስጥ ቃል አልተነፈስኩም። ሲስተር ሳራ ዝምታህ ነው በሽታህ፣ አውጣው፣ ስትናገር ይቀልልሃል ትለኛለች። አይ ሳራ! ለሰው ሁሉ መድኃኒት የሆነው ለኔ ገመድ መሆኑን በምን ታውቅ። ታዲያ ለምን አትቀርም ትይኝ ይሆናል። ረቢያ ታሪኳን በተናገረች ማግስት ብቀር ያስጠረጥረኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሰበብ ነው። ሄጄ ከኋላዋ ስራመድ፣ ዛሬም ደህና አደረች እላለሁ። እየፈራሁም እሄዳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ወጣን። መንገዱ በዝናብ አሙለጭልጯል። ሐይቁ ከታች የሚታይበት ቁልቁለት ላይ ረቢያን እግሯ ከዳትና ወደ ገደሉ ተንሸራተተች። ቅርቧ እኔ ነበርኩ፤ እጇን ያዝኩ። ትንፋሿ ተቆራረጠ፣ ዓይኗ ተገለበጠ፣ መላ ሰውነቷ ይንዘፈዘፋል። አፌ ቀደመኝ። እናት አብሽሪ፣ ይዤሻለሁ አልኩ።

እጇ እጄ ውስጥ ቀጥ አለ። ቀና ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ አበቃልኝ ብዬ ሸሃዳዬን በልቤ አልኩ። ሲስተር ሳራ ግን ከኋላ ሆና ተናገረ፣ በስተመጨረሻ ተናገረ ብላ አጨበጨበች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ጋሽ ታረቀኝ ተመስገን እያሉ ትከሻዬን መቱኝ። አሥር ሰው ከቦ ያጨበጭባል፣ ረቢያ ታየኛለች። አልጮኸችም። ሜዳው ላይ እስክንደርስ ድረስ እጄንም አልለቀቀችም።

ስንመለስ ሳራን ጠርታ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ጥንዴ ይህ ልጅ ይሁን አለቻት። ሳራ ደስ ብሏት ደብተሯ ላይ ጻፈችው። አስፋልቱ ጋ ደርሰን ባጃጅ ስንጠብቅ ረቢያ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ፣ ተኝቷል ባልከኝ ቀን ፊቱን ወደ ቂብላ አዙራችሁት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ባጃጁ መጣ፣ ገብታ ሄደች።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከቤት አልወጣሁም። በር በተንኳኳ ቁጥር ባድሩ ነው እላለሁ፤ አክስታችን ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንኳ ከአልጋው ኋላ እደበቃለሁ። ባድሩ ግን አልመጣም። አልነገረችውም ማለት ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራኛል። ቢመጣ ይገላግለኝ ነበር፤ የሷን ጥያቄ ግን ማን ይገላግለኛል?

አዎ ማለት ይቀለኛል፤ ልማዴ ነው። ግን ስዋሽ ድምፄ እንዴት እንደሚሆን ከሷ በላይ የሚያውቅ ሰው በዓለም የለም። ስለዚህ እውነቱን ማወቅ አለብኝ። የቀበርነው እኔና አንድ የራያ ልጅ ነን። ቦታው የመን ውስጥ ከሐረድ ከተማ ወደ ደቡብ ግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። አቧራ ሰማዩን ሸፍኖት ፀሐይዋ አትታይም፤ የሙት ፊት የሚዞርባት መካ በየት እንደሆነች የሚነግረን አልነበረም። ራሱን በተራራው በኩል፣ እግሩን በባሕሩ በኩል አድርገን በቀኝ ጎኑ አስተኛነው። በእጃችን ነው አፈሩን የመለስነው። ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።

አንቺ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነሽ። ካርታሽን አውጪና ፊቱ ወዴት እንደሆነ እይልኝ። ያየሽውን ጻፊልኝ፤ ወንድሜ ደስ ይበለው ብለሽ እንዳታዞሪው። አብተው ዓርብ ይመለሳል፣ በእጁ ስጪው። መልስሽ ባይደርሰኝም ቅዳሜ እሄዳለሁ።

አላህ ልጆችሽን ከዓይንሽ ሳያርቅ ያሳድግልሽ፤ በርሽ ላይ ክፉ ወሬ አያቁምብሽ። የእማን ጉልበት ሳሚልኝ። ከሶላት በኋላ ለሞቱት ሁሉ ዱዓ ስታደርጊ ሙንተሲርን በስሙ ጥሪው፤ እናቱ ገና አላለቀሰችለትም።

የእናትሽ ልጅ፣
ወንድምሽ