ቅጹ ላይ ያልሞተው ወንድም

እሑድ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2005

ዛሬም ቅጽ ተመለሰብኝ። በቀይ "ስህተት" ተብሎ ተጽፎበታል። ስህተት ሲሉኝ ደሜ ይፈላል።

ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ሞት መጠየቅ ነው። ከአንድ እናት የተወለዱት ስንት ናቸው፣ ስንቱ አሉ፣ ያለፈው በበሽታ ነው ወይስ በአደጋ? ይኸው ቅጽ በብዙ አገር ይሞላል አሉ። እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ ላይ አማርኛ ተናጋሪዎቹን የምጠይቀው እኔ ነኝ። አሥር ዓመት ደረጃ ስወለውል የኖርኩት እኔ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮቫ ዩድ ሰፈር ያሉት ጋሼ ተገኝ፣ ጎንደር የቀረው ወንድማቸው ሙሉጌታ በመኪና አደጋ ሞቷል አሉኝ። ሮቫ ሔት ያሉት ታላቅ እህታቸው እማማ ጥሩዬ ደግሞ "ሙሉጌታዬ? አለ እንጂ! ደህና ነው" ብለውኛል። ሁለቱንም እንደነገሩኝ ጻፍኩ። አለቃዬ ዳፍና፣ አንድ ሰው ሞቶም ኖሮም ሊሆን አይችልም፣ አንዱ ይታረም ትላለች።

ሰኞ

በጠዋት ጋሼ ተገኝ ጋ ደወልኩ። "ልጄ፣ መርዶ አልነገርናትም" አሉኝ። "የልብ ኒቱዋሕ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ተደርጋ አልጋ ላይ ሳለች ነው የሞተው። ትጠንክር፣ ትጠንክር ስንል ሰባት ወር ሆነን።"

እማማ ጥሩዬ ወንድሜን በስልክ አገናኙኝ ሲሏቸው "ገጠር ወርዷል" እያሉ ነው የቆዩት።

ቢሮ ስደርስ፣ ለማጣራት ከሰዓት በኋላ የሚደወልላቸው ሰዎች ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ አለ። ሦስተኛዋ እማማ ጥሩዬ። ደዋይዋ ጥያቄውን ከወረቀት ነው የምታነበው። "ወንድምዎ መሞቱን ሌላ የቤተሰብ አባል ነግሮናል፤ ትክክል ነው?" ዝርዝሩን አንሥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሌላ ዘዴ አልመጣልኝም።

ማክሰኞ

ዳፍና ጠራችኝ። ወረቀቱ የት ገባ? እኔ ጋ ነው አልኳት። ልባረር እንደሆነ ቁርጤን አውቄ ነው የገባሁት።

ስለ መርዶ ላስረዳት ሞከርኩ። ዕብራይስጤ ተንተባተበ። ታዲያ ሴትዮዋን ዋሽታችኋታል ማለት ነው አለችኝ። በመጨረሻ፣ "ልጅሽ ወታደር ነው። አያድርገውና አንድ ነገር ቢሆን በስልክ ነው የሚነግሩሽ?" አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። "አይደለም። በር ድረስ ይመጣሉ" አለች።

"እኛም እንደዚያው ነን።"

እስክሪብቶ አነሳች። "አለ" እና "የለም" ከሚሉት ሣጥኖች ቀጥሎ ሦስተኛ ሣጥን ሣለች፦ መርዶ አልደረሰውም። ለዋናዎቹ አጥኚዎች እጽፋለሁ አለች፤ ይቀበሉት አይቀበሉት እንጃ። እስከዚያው ግን አንቺን ሳይጠይቁ ወደ ማንም ሐበሻ ቤት አይደወልም አለችኝ።

ኮራሁ! አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ አንዲት ሴትዮ ገላመጠችኝ። ትገላምጥ።

ረቡዕ

ጋሼ ተገኝ ከእንግዲህ መደበቁ እንደማያዋጣ ገብቷቸዋል። ሐኪሙም የእማማ ጥሩዬ ልብ ጠንክሯል ብሏል። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ነገሯቸው። እኔም ተጠርቼ ውሃ ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ። ጩኸታቸው መንገድ ድረስ ተሰማ። እጃቸውን እንደያዝኩ የልብ ምታቸውን ሳዳምጥ አረፈድኩ። ቻሉት።

ሐሙስ

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ቅጽ አልያዝኩም፤ እንዴት ብዬ! እማማ ጥሩዬ ከፍራሹ ላይ ሆነው ጠሩኝ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ፈራሁ።

"ያ ወረቀትሽ የታለ?"

"አልያዝኩትም እማማ።"

"ደህና ነው ብዬ ሐሰት አስጻፍኩሽ።"

"ሐሰት አይደለም። ያወቁትን ነው የነገሩኝ።"

"እንግዲህ አሁን እኔ ራሴ ልንገርሽ። ሌላው እንዳይሞት ነው የምንጽፈው አላልሽኝም?"

ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ይህ ደብተር ብቻ ነው። እዚሁ ጻፍኩት። ዕድሜውን ስጠይቃቸው፣ "እሱ ሲወለድ የወተት ጥርሴ ይነቃቀል ነበር፤ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ" አሉ። ስድስት ሰባት ዓመት ይበልጡታል ማለት ነው። አሟሟቱን ትናንት ለምነው እንዲነግሯቸው አድርገዋል። ጭነት መኪና ላይ ከጆንያዎቹ በላይ ተቀምጦ ነበር፤ መኪናው ሲታጠፍ ወደቀ። ከጆንያ በላይ መቀመጡን ጋሼ ተገኝ አልነገሩኝም ነበር።

"ቆጠርሽው?" አሉኝ።

"ቆጠርኩት እማማ።"

"በይ ስሙን አንብቢልኝ" አሉ። ሰው ሁሉ እየሰማ አነበብኩላቸው።