ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ

አሰላ፣ ረቡዕ ጥር 13

ይድረስ ለአባቴ፣ በቆጂ

አሰላሙ ዓለይኩም አባቴ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ውርጩን እንዴት ቻለው? የዘንድሮ ብርድ አሰላንም አልማረ፤ እናንተ ጋ ያለውን አላህ ይወቀው። የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ ይጨምራሉ ወይስ ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነው? ሌላ ሁለት ልኬያለሁ። ይህን ደብዳቤ የያዘው የሚኒባሱ ሾፌር ኢርሻድ ከስኳሩ ጋር ያስረክብዎታል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ልጆቹም ደህና ናቸው። ደክሞኛል እንጂ አላመመኝም።

የምጽፈው ስልክ ላይ ስለማይሰሙኝ ነው። ስንገናኝ በኦሮምኛ እናወራለን፤ ወረቀት ላይ ግን ያው እርስዎ ያስተማሩኝን አማርኛ ነው የምጽፍልዎት፤ ቁቤው ዓይንዎን እንደሚያደክመው ነግረውኛል። ደግሞም ፊት ለፊት ብንሆን ይህን አልናገረውም። እባክዎ ብቻዎን ሲሆኑ ያንብቡት።

ነገሩ የመሥሪያ ቤት ነገር ነው። እንደሚያውቁት የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ሥራ ለበዛበት ሰው የሚጨመር ሥራ ነው፤ ሰብሳቢውን ጨምሮ አምስት ሆነን እንቀመጣለን፣ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ የጁወይሪያ ቅሬታ መጣ። ጁወይሪያን አያውቋትም፤ መዝገብ ቤት ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ጠፋ የተባለ ፋይል ዓይኗን ጨፍና ነው የምታወጣው። አባቷ ከስልጤ መጥተው አሰላ ገበያ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ኦሮምኛውን ከእኔ አሳምራ ትናገራለች። የመዝገብ ቤት ኃላፊነት ቦታ ወጣ፤ ተወዳደረች፤ በነጥብ አንደኛ ሆነች። ቦታው ለሦስተኛው ሰው ተሰጠ።

ኮሚቴው ፊት ስትቀርብ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ ሃያ አምስት አትማ ይዛ መጣች። ሰው በዘሩም ሆነ በብሔሩ ልዩነት እንዳይደረግበት የሚጠብቀውን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አስምራበታለች። ሰብሳቢያችን ተቀብለው አነበቡት፣ ጥሩ አንቀጽ ነው አሉ፣ ከዚያ የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡበት። እሷ እንደወጣች እንዲህ አሉ፦

«ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ማንም አይክድም። ግን የሰው አገር ዘር ናት። እዚህ ስለተወለደች ብለን የራሳችንን ሰው ወደ ኋላ አናደርግም።»

አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ጥፍሩን። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ እጄ ቃል በቃል ጻፈው። ሰብሳቢው ማስታወሻ ደብተሬን ሰረቅ አድርገው አይተው፣ ወደ ቃለ ጉባኤው ስትገለብጠው አስተካክለው አሉኝ። አስተካከልኩት። «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ ቅሬታው ተቀባይነት አላገኘም» ብዬ ጻፍኩ፤ አምስታችንም ፈረምን። ሰፊው ውይይት ሲያልቅ የሰብሳቢው ሻይ ገና ይጨስ ነበር።

ያን ጊዜ እርስዎን አስታወስኩ ብል ውሸት ነው። ትዝ ያሉኝ ቆይተው ነው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ ሲጽፉ፣ አንድ ሰውዬ መጀመሪያ የመታው እሱ መሆኑን ነግሮዎት ሲያበቃ ይህቺን ይተዋት ቢልዎ፣ የእስክሪብቶዎን ክዳን ገጥመው ሌላ ጸሐፊ ፈልግ ብለው ሰደዱት። ሰውየው እንዴት እንደተቆጣ! እርስዎ ግን ያን ቀን ሌላ ደንበኛ ሳያገኙ እንኳ ደስ ብሎዎት ነበር ወደ ቤት የገቡት።

ጁወይሪያ ይግባኝ አለች። ይግባኝ ሰሚዎቹ ቃለ ጉባኤውን አስመጥተው አዩት፤ ምን ይገኝበታል? ሕጉ እንደሆነ አለ። የተባለው ነገር ግን እኔ ደብተር ውስጥ ቀርቷል። ምስክር ካለሽ ለሐሙስ አቅርቢ አሏት። ጠረጴዛዬ ድረስ መጥታ፣ ሰፊ ውይይት ያላችሁት ምን ምን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። እናያለን አልኳት። አባቴ፣ እናያለን! አሥራ አንድ ዓመት ምሳ አብራኝ የበላችን ሰው። አልተቆጣችም፤ ፋይሏን አቅፋ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መምጣቷን ሰብሳቢው ሰምተዋል። ኮሪደር ላይ ጠጋ ብለው ክንዴን ያዙኝና በቀስታ ተናገሩኝ።

«በቆጂ ዘመድ አለኝ። አንተስ የማን ዘር እንደሆንክ የሚያውቅ የጠፋ መሰለህ? አርፈህ ተቀመጥ።»

አባቴ፣ ይህን የምጽፈው ላስደነግጥዎ አይደለም። እኔም አልደነገጥኩም። ሰውየው አዲስ ነገር የነገሩኝ መስሏቸው ነበር።

በገብስ አጨዳ ጊዜ ከከምባታ ከሚመጡት አጫጆች ጋር ትመጣ የነበረችው ሴትዮ ትዝ ትልዎታለች? እማዬ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከሌሎቹ አስቀድማ ለእሷ ነበር ምሳ የምታቀርብላት። እኔንም ከጨዋታ ጠርታ፣ ሂድ እጇን ሳም ትለኛለች። የሌላ አጫጅ እጅ ሳም ተብዬ አላውቅም። ሴትዮዋ ብዙ አትናገርም፤ መዳፌን ይዛ ታገላብጠዋለች፣ አድገሃል ትለኛለች፣ ፈገግ ትላለች። ፍንጭት ናት። እኔም ፍንጭት ነኝ፤ ቤታችን ውስጥ ሌላ ፍንጭት የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ አጫጆቹ መጡ፣ እሷ ቀረች። እማዬ ያን ቀን እህል ሳትቀምስ ዋለች። እኔም ያን ቀን ገባኝ።

እናንተ አልነገራችሁኝም፤ በእኛ ልማድ አይነገርማ። እኔም አልጠየቅኩም፤ አስጠየቀኝ የምለው የጎደለብኝ ነገር ስላልነበረ። የጉዲፈቻን ልጅ አንዴ ሽማግሌ ከመረቀው በኋላ ዘር የሚቆጥር የለም፤ ወንድሞቼ ተናደው እንኳ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ያ ሕግ በወረቀት አልታተመም፣ በቀይም አልተሰመረም፤ እኔን ግን አርባ ዓመት ጠብቆኛል። ለጁወይሪያ ደግሞ የተጻፈ ሕግ ነበራት፤ እኔ ነኝ ያስቀረሁባት። በዚህ አፍራለሁ።

ትናንት ሄጄ በምስክርነት ተመዘገብኩ። ነገ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ እቀርባለሁ። ጀግና ሆነ አይበሉኝ፤ ሁለት ወር ሙሉ ተሸክሜው ስዞር ከርሜ፣ መሸከሙ ስለሰለቸኝ ነው። ምን እንደሚመጣ አላውቅም። ምናልባት ሲሬ ያዛውሩኛል፤ ምናልባት ጁወይሪያም ቦታውን አታገኝ ይሆናል። ሰብሳቢውም ያሉትን ማድረጋቸው አይቀርም። ሰው መጥቶ ስለ እኔ ቢጠይቅዎ የመሰለዎትን ይመልሱ፤ ዝም ቢሉም አልከፋም። ብቻ ከሰው አፍ ከሚሰሙት፣ ማወቄን ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው። መመዝገቢያው ላይ ስም ከነአባት ይላል። የእርስዎን ጻፍኩ። ማንም አስተካክለው ያለኝ የለም።

አርብ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። የጉልበት ቅባቱንም ያን ጊዜ ይዤልዎት እመጣለሁ። ስለ መሥሪያ ቤቱ አይጠይቁኝ፤ ለጊዜው ይብቃኝ። የዚያችን ሴትዮ ስም ብቻ ይንገሩኝ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ዱዓ ሳደርግ «ያቺ አጫጇ» እያልኩ ነው የማነሣት።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ የዓይንዎን ብርሃን አይውሰድብኝ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው የምቀርበው፤ ያን ሰዓት ይመርቁኝ።

ልጅዎ