ካርድ ያልገባበት ካሜራ

ረቡዕ፣ የካቲት 18
ከሰዓት በኋላ፣ አባትሽ እንቅልፍ ወስዶት ሳለ

ለውዷ ልጄ፣ ለጩኸቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ የኔ እናት? "ሠላሳ አራት ዓመቴ እኮ ነው፣ አሁንም ጩኸቴ ትይኛለሽ?" ብለሽ እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ምን ላድርግ! በአሥራ ሁለት ዓመትሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አቁመን የቀዳነው ጩኸትሽ አራት ፊልሞቻችን ውስጥ ገብቷል። አራት ሴቶች በአንቺ ጉሮሮ ሞተዋል። ከዚያ ወዲያ ሌላ የቁልምጫ ስም መጠበቅ የዋህነት ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያማርራል፣ ሌላው ሁሉ አማን ነው። አባትሽም ደህና ነው ብዬሻለሁ በስልክ። ምን ልበልሽ፣ ስናወራ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነው የሚያዳምጠው። ሦስት ወር ሙሉ "ደህና ነው፣ ደህና ነው" እያልኩ ከረምኩ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል የሚሉት እውነት ነው፤ የኔም አለቀብኝ። አባትሽ ደህና አይደለም ልጄ። እየረሳ ነው። መነጽሩን ወይም ቁልፉን ማለቴ አይደለም፤ ያንንማ ድሮም ይረሳል። ትናንትናን ነው የሚረሳው። እንዳለ፣ ጠራርጎ።

ሐኪም ጋ ወስጄው ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበሩን ወደኛ ሳብ አድርጎ ከመነሻው እስከ መድረሻው በእርጋታ አስረዳን። መድኃኒቱ ቢያዘገየው እንጂ እንደማይመልሰው ነገረን። አባትሽ እግሩን አነባብሮ፣ አገጩን ይዞ፣ ልክ ስክሪፕት ሲነበብለት እንደሚያደርገው አዳመጠ። ሐኪሙ ሲጨርስ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ታሪኩ ጥሩ ነው፤ መጨረሻው ግን ደካማ ነው።" ሐኪሙ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ታክሲ ውስጥ ገብተን በሩን ገና ሳንዘጋው "ከየት ነው የምንመጣው?" ብሎ ጠየቀኝ።

እንግዲህ ስለ ፊልሙ ልንገርሽ፤ ጣጣው ሁሉ እዚያ ነው።

ታሪኩን ያኔ አእምሮው ሙሉ ሳለ ነው የጻፈው። አንዲት ሴት ለብቻዋ ቤት ትከራያለች፤ ከላይ፣ ከተቆለፈው ክፍል፣ ወንበር ሲጎተት ትሰማለች። በቃ ይኸው ነው። "ደግሞ ወንበር ማንን ያስፈራል?" ብዬ ቀልጄበት ነበር። "ሰው ወንበር የሚጎትተው ሊቀመጥ ነው። የሚያስፈራው ሊቆይ የመጣ ነገር ነው" አለኝ። አንዳንዴ እንዲህ ዝም የሚያሰኝ ነገር ነበረው አባትሽ።

አከፋፋያችንን ታውቂዋለሽ መቼም፤ ያ "ጭራቁስ የታለ?" የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በያንዳንዱ ፊልም መጨረሻ ላይ የላስቲክ ጭንብሉን አምጥቶ አስገጥሞናል። በምንረጨው የውሸት ደም ምክንያት ጋዜጣ ላይ "የቲማቲም ድልህ ነጋዴዎች" ተብለን ተጽፎብናል፤ ስድቡ ቢያመንም ውሸት አልነበረም። አባትሽ "የሚያስፈራው የሚታየው ነገር አይደለም፣ የሚያየው ሰው ፊት ነው" እያለ ይከራከርና በመጨረሻ ይሸነፋል። ቤት ሲገባ ደግሞ "አንዲት ትክክለኛ ትዕይንት ሠርቼ ልሙት" ይለኛል። በዚህኛው ፊልም ግን ሰውየውን እግር በእግር እየተከተለ አሳመነው። የደረጃዋ ትዕይንት፣ ማለትም የመጨረሻዋ፣ ያለ ጭራቅ ካስፈራች ጭንብሉ ይቀራል። ካላስፈራች ይገባል። ተጨባበጡ።

እኔ እንደምታውቂኝ የጥበብ ሰው አይደለሁም። ለኔ ለፕሮዲውሰሯ ጥሩ ፊልም ማለት ምሳ በሰዓቱ የደረሰበት ፊልም ነው። አንድ ነገር ግን ተምሬአለሁ፤ ፊልም የሚበላሸው ካሜራው አሮጌ ስለሆነ አይደለም፣ "አልሆነም" የሚል ሰው ሲጠፋ ነው። ሁሉም "ግሩም ነው" ማለት የጀመረ ቀን ያ ፊልም አለቀለት። እንዲህ ብላ ስትመጻደቅ የኖረች እናትሽ ምን እንዳደረገች ስሚ።

የተከራየነው ቤት ባለ ፎቅ ነው፤ ሰፊ የእንጨት ደረጃ አለው። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንናቸው፤ የኛ ሌሊት መቼም በቀን ነው የሚቀረጸው። መጀመሪያ ቀን አባትሽ ደረጃዋን ቀረጸ። ተዋናይዋ ትወጣለች፣ የወንበሩን ድምፅ ትሰማለች፣ ቀና ብላ ታያለች፣ ትጮኻለች። "ደህና ናት፣ ግን ገና ናት" አለ። በማግሥቱም ደረጃዋን ቀረጸ። በሦስተኛውም ቀን። ሰው ሁሉ ችኮነቱን ስለሚያውቅ የተሻለ እየፈለገ ነው ብሎ ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ገብቶ ለተዋናይዋ እጁን ዘረጋላትና "እንኳን ደህና መጣሽ! በመጀመሪያ ቀን ከባዱን ስላሸከምኩሽ አትቀየሚኝ" አላት። ልጅቱ መቼም ሳቂታ ናት፤ ያን ቀን ግን እጁን እንደያዘች ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በምሳ ሰዓት ሁሉንም ሰበሰብኳቸው። ካሜራማኑ ነበር፤ ዝምታው የምንለው፣ በሳምንት ሦስት ቃል የማይወጣው። ረዳት ዳይሬክተሯ ነበረች፣ ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ፣ ተዋናይዋ። እንዲህ ተስማማን። ጠዋት ጠዋት ጋሼ ደረጃዋን "ይቀርጻል"። ከሰዓት፣ እሱ ቤት ሄዶ ሲተኛ፣ ረዳቷ የቀረውን ፊልም ትቀርጻለች። ተመሳሳይ ነገር እየቀዱ ምስል የሚያዝበትን ካርድ መሙላት ለምን ብዬ ጠዋት ጠዋት ካርዱን ከካሜራው አስወጣሁት። እኔ ነኝ ያስወጣሁት፣ ማንም አላለኝም። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ አይቀዳም እንጂ። "አክሽን!" ይላል አባትሽ፤ "ካት!" ይላል፤ ሁላችንም "ግሩም ነው ጋሼ!" እንላለን። ፊቱ ይበራል። እኔ ደግሞ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ምሳ አዛለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ተዋናይዋ ደረጃዋን መውጣት ስትጀምር "ቆይ" አላት። እንደ ድሮው አልነበረም ድምፁ፤ እንደ ድሮ ድሮው ነበር፣ አንቺ ሳትወለጂ እንደነበረው። መደገፊያውን ይዞ ወጣና አራተኛው ደረጃ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። "ቀና እንዳትዪ" አላት። "ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሰው የማያውቀው ነገር ሲመጣ ነው ቀና ብሎ የሚያየው። የሚያውቀው ሲመጣበት የጫማውን ማሰሪያ ያስራል።" ከዚያ ወርዶ "አክሽን" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ልጅቱ ተቀመጠች። ከላይ ወንበሩ ተጎተተ። ጫማዋን አሰረች። ፈታችው። እንደገና አሰረችው። ወንበሩ ሲቆም፣ ለቤተሰብ መልስ እንደሚሰጥ ሰው፣ "መጣሁ፣ ጫማዬን ላስር" አለች። ሌላ ምንም የለም። እኔ ስክሪኑ ፊት ነበርኩ፤ የክንዴ ፀጉር ቆመ። እኔ እኮ ነኝ፣ ሠላሳ ዓመት ደም በባልዲ የበጠበጥኩ ሴት! ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ ግድግዳውን ተደገፈ። አባትሽ "ካት" ማለት እንኳን አልቻለም፤ እጁን ብቻ አነሳ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ "አገኘኋት" አለኝ። "አየሽ? አገኘኋት።"

ዝምታው የሳምንቱን ቃል አወጣ። ጆሮዬ ሥር መጥቶ "እትዬ፣ ካርድ የለም" አለኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። አፈር በበላሁ! ሠላሳ ዓመት የጠበቃትን እኔው በገዛ እጄ ሜዳ ላይ አስቀረሁበት። እሱ ደግሞ ያን ቀን ሙሉ እያፏጨ ዋለ፤ እራቱን እንኳ በሁለት እጁ ነው የበላው። እኔ አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም።

እንዳልሞከርን እንዳይመስልሽ። ያኑ ቀን ከሰዓት ካርድ አስገብተን ረዳቷ ደገመችው። ጫማው ያው፣ ቃሉ ያው፤ ግን ጫማ የምታስር ሴት ሆነች፣ በቃ። ልጅቱም "እትዬ፣ ጋሼ ከታች ሲያየኝ ነበር እኮ የፈራሁት" ብላ አለቀሰች። በማግሥቱ ጠዋት ካርዱን ሦስቴ አረጋግጬ አባትሽን ጠበቅሁት። "ወጥተሽ ቀና ትያለሽ፣ ትጮኺያለሽ" አላት። እኔ ከኋላ ሆኜ "ጫማዋን ብታስርስ?" አልኩት። ዞሮ በሐዘኔታ አየኝ። "ጫማ? የፈራ ሰው ጫማ ያስራል እንዴ? አንቺ ይልቅ ምሳውን ተከታተዪ።"

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ካርድ ሳይገባ ካሜራው ተነክቶ አያውቅም። አንዳንድ ቀን ረዳቷ ተዋናይዋን ጫማዋ ሳይታሰር ፊቱ ታቆምለታለች። አንዳንድ ቀን እኔ የራሱን ቃል እንደ ሌላ ሰው ሐሳብ አድርጌ አነሳበታለሁ። አይሆንም። በየቀኑ ቀና ትላለች፣ ትጮኻለች፣ እኛም "ግሩም ነው ጋሼ" እንላለን። አንድ ቀን "አልሆነም" ልለው አፌን ከፍቼ ፊቱን ሳየው ዘጋሁት። ምኑን ብዬ ልንገረው? አግኝተሃት ነበር፣ እኔ ጣልኩብህ ልበለው? ብነግረው ነገ ይረሳዋል፤ እኔ ግን በነገርኩት ቁጥር እንደ አዲስ ሲሰማው ልየው? አቃተኝ ልጄ። በሕይወቴ እንዲህ ያቃተኝ ነገር የለም።

ዛሬ የአባትሽ የመጨረሻው ጠዋት ነበር። ነገ ከሰዓት ቤቱን እናስረክባለን። አከፋፋዩ የተቀረጸውን አይቶ ራሱን ነቀነቀና ጭንብሉን በካርቶን ላከው፤ ነገ ጠዋት ረዳቷ ደረጃዋ ላይ ታቆመዋለች። አየሁት፣ አዲስ ነው፣ የላስቲኩ ሽታ ገና አልለቀቀውም። ዝምታው ካርቶኑን አባትሽ እንዳያየው ጃኬቱን አለበሰው።

ከመጨረሻው "ካት" በኋላ ሰው ሁሉ ዕቃ ሊያነሳ ሲበተን እኔ ደክሞኝ ደረጃዋ ላይ ቁጭ አልኩ። አባትሽ መጣና "ይቻላል?" ብሎኝ አጠገቤ ተቀመጠ። ይቻላል ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ልቀልድበት ስል፣

"ይቅርታ እህቴ፣ እርስዎ የዚህ ቤት ባለቤት ነዎት?" አለኝ።

አንቱ አለኝ ልጄ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው።

"አዎ" አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

"አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ፕሮዲውሰሯ ከመጣች እንዳይነግሯት። ይህች ትዕይንት አልሆነችልኝም። ልጆቹ ግሩም ነው ይሉኛል፣ ጨዋዎች ስለሆኑ ነው፤ እንዳልሆነች አውቃለሁ። አንድ ነገር አግኝቼ ነበር… እጄ ላይ ነበር።" መዳፉን ዘርግቶ አየው። "ሚስቴ ናት ፕሮዲውሰሯ። በኔ ተስፋ ቆርጣ አታውቅም፣ አሁን እንድትቆርጥ አልፈልግም።"

"አልነግራትም" አልኩት።

"ይማሉልኝ።"

ማልኩለት። እፎይ አለና እጄን መታ መታ አደረገኝ። "ቀስ ብላ ልጃችን ትነግራታለች" አለኝ። "ልጃችን አነጋገር ታውቅበታለች፤ እሷ ከነገረቻት አይከፋትም።"

"የት ናት ልጅዎ?"

"ትምህርት ቤት ናት። በአሥር ሰዓት ይለቀቃሉ፤ አሁን ትመጣለች።"

ይህን ብሎ ወደ በሩ ዞረ። እኔም ዞርኩ። ሠራተኞቹ የመብራቱን ገመድ ጠቅልለው እስኪጨርሱ ድረስ ሁለታችንም እዚያው ተቀምጠን በሩን ስናይ ቆየን።

ነይ አልልሽም። ሥራሽ ፈቃድ እንደማይሰጥ፣ መንገዱም ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ። በስልክ ስታገኚው ግን ስለ ፊልሙ አትጠይቂው፤ ስለ ትምህርት ቤት አጫውቺው። እኔንም ጠንክሪ አትበዪኝ፣ ጠንክሬ ነው እዚህ የደረስኩት። ሰው አማረኝ እንጂ ሌላ ምንም አልጎደለኝም።

የአልጋው ድምፅ ተሰማኝ፤ ሊነሳ ነው መሰለኝ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ሲነሳ ወንበሩን በሩ አጠገብ አድርጌ ሻይ ላፍላለት።

ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ። የሚወድሽ ሰው አይጥፋብሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ ዕድሜሽ ከእናት ከአባትሽ ዕድሜ ይርዘም የኔ ጩኸት።

በሩን እያየች ያለችው እናትሽ